የቦሼ ፊት

ግንቦት 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

የሶዶ ሙዚየምን አዳራሽ ስንጠርግ ዋልን። ፀጉሬ ሁሉ አቧራ። የስፖርትና የሥዕል ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ብዙም አልቀረው። ማሊያው፣ ዋንጫው፣ የድሮ ኳስ ተጫዋቾች ፎቶ ገብቷል። የሯጯ የቦሼ ሜዳልያ ብቻ ቀረ። ነገ አረካ ልሂድ... እናቷ እሺ ይሉኝ ይሆን?

ግንቦት 4

እሺ አሉ። እማማ ትርፌ ሜዳልያውን በነጠላ ጠቅልለው ሰጡኝ። ቦሼ ሐዋሳ ላይ ሮጣ ያመጣችው ነው። በዚያው ዓመት መኪና ገጭቷት ሞተች።

"ቤቴል፣ ከልጄ የቀረኝ ይኼ ነው።"

"እንደ ዓይኔ እጠብቀዋለሁ" አልኳቸው።

ግንቦት 11

እስጢፋኖስ ሥዕሉን ጨረሰ። ታፔላ ጸሐፊው እስጢፋኖስ። ቦሼን ስትሮጥ ሳላት። የሰጠነው የደበዘዘ የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነበር፤ እንደምንም ተወጣው። ሜዳልያውን ከሥሩ በመስታወት ሣጥን አስቀመጥን። ያምራል።

ግንቦት 12

ሜዳልያው የለም።

ጠዋት ስገባ ሣጥኑ ባዶ። ትናንት ማታ ተረኛ የነበረው ዘበኛ ፈቃድ ወጥቷል፣ ስልኩም አይሠራም። አለቃዬ አቶ ገብረማርያም "የተረከብሽው አንቺ ነሽ" አሉ። ለሥራዬ አይደለም የፈራሁት... እማማን ምን ልበላቸው? ከሰው ከሚሰሙ ራሴ እነግራቸዋለሁ።

ግንቦት 13

አረካ እስክደርስ የምላቸውን በልቤ ስደጋግም ነበር። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሜዳልያው..." ስል አቋረጡኝ።

"እኔ ጋ ነው።"

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ለካ ማክሰኞ ሶዶ ገበያ መጥተው ነበር። ማምሻውን ሙዚየም ጎራ ቢሉ እኔ ወጥቻለሁ። ዘበኛው "እናቷ ነኝ" ሲሉት አስገባቸው።

"ታዲያ ለምን ወሰዱት?"

"ሥዕሉን አየሁ። የማን ልጅ ናት? የቦሼን ሜዳልያ ከሌላ ሰው ሥር አላስቀምጥም።"

መቆጣት ነበረብኝ። አልቻልኩም። ጠፍቶ ቢሆንስ? አለቀስኩ፣ ወዲያው ሳቄ መጣ። "አስደነገጥኩሽ አይደል" ብለው ውሃ ሰጡኝ።

ግንቦት 15

ሥዕሉን እንደገና እንዲሥል እስጢፋኖስን ይዤው አረካ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አኩርፏል። "ፎቶው ያው ነው፣ ምን ላድርግ?" እንሰቱ ሥር ተቀምጦ እርሳስ ሲያወጣ ግን ድምፁ ለስለስ አለ። "እስቲ ይንገሩኝ" አላቸው እማማን።

ስትሮጥ አፏን ገርበብ ታደርጋለች። ሲደክማት ትስቃለች፣ አሰልጣኙ ይቆጣታል። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ... በግራ። ጎረቤቶች መጡ። አንዷ "በቀኝ ነው እንጂ" አለች። ተከራከሩ። ተሳሳቁ። እማማም ሳቁ።

ስንወጣ ያቺው ጎረቤት እጄን ይዛ፣ "ልጅቷ ከሞተች ወዲህ እሳቸው ፊት ስሟን ደፍረን ጠርተን አናውቅም" አለችኝ።

ግንቦት 22

ተከፈተ። ከቦዲቲ ሳይቀር ተማሪዎች መጡ። ንግግሩን አልሰማሁም፤ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር።

እማማ ትርፌ ገቡ። ቦሼ እየሳቀች የምትሮጥበት አዲሱ ሥዕል ፊት ቆሙ። እስጢፋኖስ አጠገቤ ቆሟል። ጠጋ ብለው በወላይትኛ፣ ቀስ ብለው፣ "ደከመሽ?" አሏት።

ሜዳልያውን በእጃቸው ከሥሯ አኖሩት። እስጢፋኖስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም እፎይ አልኩ፣ ከስንት ቀን በኋላ።

አንዲት ተማሪ "ማን ናት?" ብላ ጠየቀች።

"ልጄ ናት። ቦሼ ትባላለች።"

ልጆቹ ከበቧቸው። ወንበር አምጥቼላቸው ወጣሁ። ቢሮዬ ድረስ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር።