መልሱ ሲ ነው፤ ለምን?

ጥቅምት 4፣ ጠዋት 1፡00

ዛሬም ከቁርስ በፊት ሃምሳ ጥያቄ። 96 ከመቶ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ባለፈው ወር ለአብራሪነት ፈተና ስገባም ልምምዱ ላይ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነበርኩ፤ የአየር ሁኔታ ትምህርቱ ላይ ወደቅኩ። ማለፊያው 75፣ የእኔ 68።

ቤት ውስጥ ይህን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን፣ ማስታወሻዬ። ለአባዬ ፈተናው ተራዘመ ብዬዋለሁ።

ድጋሚው ጥቅምት 25 ነው። ሁለቴ የወደቀ ከምድቡ ይቀራል ተብለናል።

በስልኬ የምለማመድበት የኢንተርኔት ጥያቄ ባንክ የማህሌት ነው። አብራኝ ጀምራ ቀድማኝ አለፈች፤ አሁን በረራ ትለማመዳለች። የይለፍ ቃሏን ትታልኝ ሄደች። እግዜር ይስጣት።

ጥቅምት 9፣ ከሰዓት

መብራት የለም። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። ያተምኳቸው ጥያቄዎች አሉ። ሌሊት በጥበቃ ሥራው አድሮ የተኛው አባዬ ተነሳ፤ መነጽሩን አድርጎ እኔ ላንብብልሽ አለ። እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል እየቆጠረ። ሳቄን ዋጥኩ። ግማሹ ላይ ሳይደርስ «ሲ!» አልኩ። ወረቀቱን ገልብጦ አየ። ልክ ነኝ።

«ለምን ሲ ሆነ?»

«መልሱ ሲ ስለሆነ ነዋ!» አልኩ።

«እሺ፣ ጥያቄው ምን ይላል? በአማርኛ ንገሪኝ እስቲ።»

አልቻልኩም። ለካ አንብቤው አላውቅም። የማውቀው መልኩን ነው፤ ረጅሙ ጥያቄ፣ ሦስተኛው መልስ። ተናደድኩ፣ ያውም በእሱ። ወረቀቱን ነጥቄ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

አሁን አፍሬያለሁ።

ጥቅምት 10፣ ከሰዓት

ይቅርታ ጠየቅኩት። እንዳልሰማ ሆኖ ወረቀቱን አነሳ። አንዷን ተረጎምኩለት፦ ፀሐያማ ቀን ከሰዓት በኋላ የተራራ ነፋስ ቁልቁል ነው ወይስ ሽቅብ የሚነፍሰው?

ሳቀ። ከየካ ሚካኤል በላይ መሬት በነበረን ጊዜ ገብሱን ከገለባው ለመለየት በመንሽ የሚያዘራው ረፋዱን ጠብቆ ነበር አለኝ። ጠዋት ነፋስ የለም። ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው ከታች ሽቅብ ይመጣል። ማታ ይገለበጣል፤ ብርዱ ከእንጦጦ ቁልቁል ይወርዳል። ወሬው ሲሞቅ ወደ ኦሮምኛ ይገባል፤ «ቂሌንሳ» ይለዋል ነፋሱን፣ እጁን ሽቅብ እየጠረገ።

መጽሐፉ ላይ ሁለት ገጽ የፈጀው ነገር። ሦስት ጊዜ አንብቤው አልገባኝም ነበር። እጁን ሳይ ገባኝ።

ጥቅምት 17፣ ማታ 12፡30

ደንብ አውጥተናል። አባዬ ምርጫዎቹን በመዳፉ ይሸፍናል። እኔ መልሱን በራሴ ቃል ከነምክንያቱ እናገራለሁ። ከዚያ መዳፉን ያነሳል።

ውጤት፦ 61። ትንሽ አለቀስኩ። ግን 61ዱ የእኔ ነው። የሳትኩትን ከመጽሐፉ ፈልጌ አነባለሁ።

ማህሌት ደወለች። እሷም መጀመሪያ እንደኔ ፊደል ትሸመድድ ነበር፤ ኋላ የሳተቻቸውን ብቻ የምትጽፍበት ደብተር ያዘች። ገጾቹን ሁሉ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከልምምድ ደክሟት ገብታ። ምን አርጌላት ነው?

ጥቅምት 25፣ ከሰዓት 9፡00

ከፈተናው ወጣሁ። ብዙዎቹ ጥያቄዎች ቃላቸው ተለውጧል፣ የምርጫዎቹም ተራ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቢሆን አልቆልኝ ነበር። ስለ ጉም የምትለዋ አደናግራኛለች። ሌላውን አስቤ ነው የመለስኩት።



ጥቅምት 27፣ ማታ 12፡00

87! አለፍኩ! ተመስገን!

ለአባዬ ከታክሲ ውስጥ ደወልኩለት። ቤት ስደርስ ጎረቤቱን ሰብስቧል። እልልታ። እያንዳንዱን እንግዳ እጁን ይዞ «ልጄ በአንዴ አለፈች!» ይላል። «በአንዴ!»

ፈገግ አልኩ። ፊቴ ጋለ።

ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አድሮ፣ እንቅልፉን ትቶ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። ዓይኑ እየተከደነ እንኳ መዳፉን አያነሳም። ለዚህ ሰው ነው የዋሸሁት።

እንግዶቹ ሄደዋል። በረንዳው ላይ ጫማውን እያወለቀ ነው። ያዝን ይሆናል፣ ይቆጣም ይሆናል። ይሁን። አባዬ፣ ፈተናው አልተራዘመም፣ ወድቄ ነበር እለዋለሁ። አሁን፣ እራት ሳይቀርብ።

ሄድኩ።