የሁለተኛው ማድረቂያ ወዝ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። ጠዋት

ሚኒባሷ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ውስጥ ተንፏቀቀች። ኮምቦልቻ ስንገባ ሹራቤን አወለቅኩ። እንደ ሁልጊዜው።

ፋብሪካ ስደርስ ጭቅጭቅ። የሁለተኛው ማድረቂያ ማካሮኒ ዛሬም ተሰነጣጥቋል። ሥ/አስኪያጁ በኦፕሬተሯ በእትዬ ዘሃራ አላከከ። ካልተስተካከለ ወደ ጽዳት ያዛውራቸዋል። እርሳቸው ውስጡ ከመጠን በላይ እየደረቀ ነው ይላሉ። ስክሪኑ እርጥበቱ ደህና ነው ይላል። የታመነው ስክሪኑ! የመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ተናደድኩ።

ከሰዓት

ማስታወሻዬ፣ አገኘሁት!

እያንዳንዱ መለኪያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ታግ የሚባል ስም አለው። ስክሪኑ ቁጥሩን የሚያመጣው በዚያ ስም ጠርቶ ነው። ሁለተኛው ማድረቂያ ላይ ግን የሚጠራው የአንደኛው ታግ! ፕሮግራሙን የጫኑት ሰዎች ከአንደኛው ሲገለብጡ ስሙን ሳይቀይሩት ቀርተዋል። የጎረቤትን ትኩሳት ለክቶ አንተ ደህና ነህ እንደማለት ነው አልኳቸው እትዬ ዘሃራን።

"ወላሂ፣ አበድኩ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር!"

አስተካከልኩ። የሁለተኛው ታግ ቁጥር እስከ ዛሬ አይመዘገብም ነበር፤ መመዝገብ አስጀመርኩት።

ረቡዕ፣ 6

የእርጥበቱ ግራፍ ጉድ ነው። ጠዋት ሜዳ፣ ከምሳ በኋላ ገደል። ለሥ/አስኪያጁ አሳየሁት። ያኔ የማድረቂያውን አየር ማስወጫ የምትከፍተው ዘሃራ ራሷ ብትሆንስ አለኝ። እኔ ላድናቸው፣ ጭራሽ ማስረጃ አቀበልኩ! እራቴን ሳልጨርስ ተውኩት።

ሐሙስ፣ 7

ከምሳ በኋላ ከእትዬ ዘሃራ ጋር ማድረቂያው አፍ ላይ ቆምን። ነፋስ! የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ሙቀቱ ሲብስባቸው ትልቁን የጀርባ በር ይከፍታሉ። ደረቁ ነፋስ ቀጥ ብሎ ማድረቂያው ውስጥ።

ስንነግራቸው ሴቶቹ ደነገጡ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች።

"አብሽሩ! እኔስ ብሆን አልከፍተውም?" አሉ እትዬ ዘሃራ።

ሥ/አስኪያጁ ዘንድ አብረን ገባን። እርሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ግራፉን ይዤ ቆምኩ። በሩ ይዘጋ፣ ለሴቶቹ ቬንትሌተር ይገዛ። ማንም አይቀጣ። እሺ አለ! ኮሪደሩ ላይ ተቃቀፍን።

ቅዳሜ፣ 9

ማካሮኒው ድፍን! አንድም ስንጥቅ የለውም። ማሸጊያ ክፍል በእልልታ ተናጋ። ሥ/አስኪያጁ ሰው ሁሉ እየሰማ እትዬ ዘሃራን ይቅርታ ጠየቀ። እርሳቸው አቀርቅረው ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ቀና ሲሉ ፊታቸው በርቷል።

አሁን የሁሉም መስመር ታግ ይመዘገባል። ግራፉን ከእኔ ጋር የሚከታተሉት እርሳቸው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አላቸው፦ በሚገባቸው ስም ይጻፍ። ታጉ ራሱ ከተቀየረ የሚጠራው ስክሪን ሁሉ ያጣዋል፤ ስለዚህ እሱን ሳልነካ አጠገቡ የአማርኛ መግለጫ መጻፍ ጀመርኩ። "የሁለተኛው ማድረቂያ አንጻራዊ እርጥበት" ብዬ።

አነበቡት። ፊታቸው ተጨማደደ።

"ምንድን ነው ራሔል፣ የመድኃኒት ስም ነው? ወዝ በይው።"

አጠፋሁት። "የሁለተኛው ማድረቂያ ወዝ።" እንዴት ያምራል!

ወስኛለሁ። የቀሩትንም እርሳቸው ስም ያወጣሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።