ከጎረቤት ስላስዋሱን የቤተ ሙከራ እርሾ

ለተከበሩ የመኖ ምርምር ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ
መካነ ሰላም

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ቤተሰቡስ አማን ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ የሌለችው የሀጀራ ላም ብቻ ናት።

እንደሚያውቁት በጣቢያው የቤተ ሙከራ ባለሙያ ነኝ። ገለባ ከሚያበሰብስ ሻጋታ አንድ ዘረመል ወስደን እርሾ ውስጥ ለማስገባት፣ እርሾውም የሻጋታውን ኢንዛይም እያመረተ ደረቁን የገብስ ገለባ ለከብት ሆድ እንዲያላላ ለማድረግ አራት ዓመት ለፍተናል። ስላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ገምጋሚዎች ሲመጡ ለታረዱት ሁለት በጎች ቦታ እንዲገኝ ብለው፣ የእርሾውን ብልቃጦች ከፍሪዘር አስወጥተው መስኮት ላይ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ስላስሞቁልን እናመሰግናለን። አራት ዓመት በብርድ መኖሩ አሳዝኖዎት ይሆናል።

፪ኛ፦ መሞቱን ስነግርዎ ሳይደነግጡ «ያው እርሾ አይደል? ከጎረቤት ተዋሱ» ብለው የጽዳት ሠራተኛችንን ወርቂቱን ጀሪካን አስይዘው ስለላኩልን። በአገራችን እርሾ ያለቀበት ከጎረቤት ይዋሳል፤ ደግ ልማድ ነው። የጎረቤት እርሾ ግን ሊጥ ያቦካል እንጂ ገለባ አያላላም።

፫ኛ፦ «እርሾው ተተክቷል» የሚል ሪፖርት ስለላኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ማኅተም ስላረፈበት የጎረቤቱ እርሾ ይኸው ዛሬም በወረቀት ላይ ባለኢንዛይም ነው።

መኖውን መጀመሪያ የሰጠናት ሀጀራ ዐረብ አገር፣ ጅዳ፣ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስታጸዳ ኖራ ስትመለስ የገዛችው አንዲት ላም ነበር። አዲሱ መኖ ይበቃታል፣ ፉርሽካውን ተዪው ተባለች፤ ቃላችንን አምና ተወችው። ላሚቱ በተዋስነው እርሾ የታሸ ገለባ እየበላች አጥንቷ እስኪቆጠር ከስታ፣ ሚያዝያ ላይ ወደቀች። አልተነሣችም።

ፉርሽካውን ትተው የሚለውን ትእዛዝዎን እቤቷ ድረስ ሄጄ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ያውም እያወቅሁ። ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው። ለዚህ የማመሰግነው ሰው አጥቻለሁ፤ አፍሬአለሁ ብቻ። ስሜን ሳልደብቅ የምጽፍልዎም ለዚሁ ነው።

የስንብት ደብዳቤዬን በትሕትና እየጠበቅሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና የሞላ ማዕድ የምመኝ፣
አሕመድኑር ጀብሪል

ዳግም፦ ሀጀራ ትናንት ቢሮዎ ደጃፍ ቆማ የዋለችው ካሳ ፈልጋ አይደለም። መኖው ሰኞ ለአርባ አባወራ እንደሚታደል ሰምታ፣ የጎረቤቷን የእማማ በዛችን ስም ከዝርዝሩ እንዲሰርዙላት ልትለምንዎ ነበር፤ የእሳቸው ላም ገና እየታለበች ነውና። ስብሰባ ላይ ናቸው ተብላ ተመለሰች። ስብሰባው እደላውን ወደ ቅዳሜ ለማፋጠን ነበር።