ሃያ አንድ ሰከንድ

ኮኪት፣ ጥቅምት 28 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿን ሳሉ ለቀቃት? ሐዘን ላይ የተቀመጠን ሰው እንደምን ሰነበትሽ ማለት ነውር እንደሆነ አላጣሁትም፤ ግን በምን ልጀምር? እኔ በቁሜ አለሁ። ያልደወልኩልሽ ስልኩ አማትሽ እጅ ስለሆነ ነው። ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢና እሳት ውስጥ ጨምሪው። አፈር ስሆንልሽ፣ እሳት ውስጥ።

ምናለ ኮኪት ገብቷል። የባልሽ ወንድም ጠመንጃውን አንግቶ ኸሊፋን ሲፈልግ ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው። የወንድሜን የማሩን ደም ሳልመልስ ደጋ አልወጣም ብሎ ምሏል አሉ። ማሩን በጥይት የመታው ኸሊፋ ነው፣ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ምስኪን የእርሻ ዘበኛ ተኩስ ስለተባለ ተኮሰ። ተኩስ ያልኩት እኔ ነኝ። እሁድ ሽማግሌዎች ደሙን ሊያደርቁ ይቀመጣሉ፤ እኔንም መስቀል ይዘህ ማል ብለውኛል። የምምለው ምን እንደሆነ እንድታውቂው ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

አንቺ ታውቂኛለሽ፤ ሬዲዮ ፈትቼ ስገጥም ሁልጊዜ አንድ ብሎን የሚተርፈኝ ልጅ ነበርኩ። እዚህም ስልክ እየጠገንኩ እበላለሁ፤ ነፍሴ ግን ኮድ መጻፍ ላይ ናት። የባለሀብቱን የአቶ አንዱአምላክን የሰሊጥ እርሻ በእግሬ ዞሬ ከሺህ በላይ ፎቶ አነሳሁና ኮምፒውተር ላይ ሞዴል ሠራሁለት፤ ኩይሳው፣ ደረቁ ወንዝ፣ የሰሊጡ ክምር፣ ሁሉንም በጣትሽ እያሽከረከርሽ የምታዪው። ሥራ ፈት ሲሉኝ ከረሙ። አምና ግን አጋቾች የሰውዬውን ትራክተር ነጂ ወሰዱና ጆሮውን ቆርጠው በፌስታል ላኩ። የጠየቁት ተሰጥቷቸውም ያገኘነው ሬሳውን ነው፤ እጁ የፊጥኝ እንደታሰረ። ያኔ ጨዋታዬ ቁም ነገር ሆነ።

መስታወታቸው የተሰበረ ስድስት ስልኮች መንገድ መንገዱን ዛፍ ላይ ሰቀልኩ፤ ለየራሳቸው ሶላር ገጠምኩላቸው። ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲያልፍ ለይተው ፎቶውን እንዲልኩ ፕሮግራም ጻፍኩ። ጠመንጃ ምን እንደሚመስል ያስተማርኳቸው ገበያ ውስጥ ባነሳሁት ፎቶ ነው። የቆላ ሰው ደግሞ ታውቂው የለ፣ ጠመንጃውን ማጅራቱ ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ይሰቅልበታል። ወይ የኔ ነገር! ደገኛው አጫጅ ዱላውን እንደዚያው አይደል የሚሸከመው? በመጀመሪያው ሳምንት ማሽኔ ከደጋ የወረደውን ሁሉ ሽፍታ ነው አለ። ሻይ የምትሸጠው ረፊቃ ማሽንህን ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰደው እያለች መሳቂያ አደረገችኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ጨመርኩ። ፎቶው መጀመሪያ ለእኔ ይመጣል። እኔ አይቼ አዎ ካልኩ ብቻ የካምፑ ጥሩምባ ይጮሃል፤ ሰውዬው ያለበትም ቦታ ለዘበኞቹ ይደርሳቸዋል። ከአምና ወዲህ ደግሞ የዘበኞቹ ትእዛዝ መጀመሪያ ተኩስ፣ ከዚያ ጠይቅ ነው።

ማሩ ለአጨዳ ሲወርድ ሥራ ያገኘሁለት እኔ ነኝ። ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከማዶው ካምፕ ብቻውን ተነስቶ መጣ፤ ዱላው ማጅራቱ ላይ። ጥሩምባው ጮኸ። ኸሊፋ ኩይሳው ጋ ተንበርክኮ ሁለቴ ተኮሰ። የመጀመሪያው ጥይት ጭኑን ሰበረው። ማሩ ወድቆ፣ ለመነሳት ዱላውን ሲመረኮዝ ሁለተኛው ከአንገቱ ሥር ገባ። ሮጬ ስደርስ ደሙ የታጨደው አገዳ ላይ አረፋ ይደፍቃል። አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለውም። ዓይኑ ግን አየኝ። ወዲያው አጫጆቹ ደረሱና ኸሊፋን በዱላና በማጭድ እጀታ ፈጁት። አንድ ዓይኑ ፈስሷል፣ ሦስት ጎድኑ ተሰብሯል። ሚስቱ መስቱራ ላዩ ላይ ተደፍታ ባትሸፍነው እዚያው ያልቅለት ነበር፤ እሷንም አልማሯትም።

ማሩ ይመጣ የነበረው ወደ እኔ ነው። ኪሱ ውስጥ አልሠራ ያለ ስልክ ተገኘ፤ ለልጆቹ ሊደውል ፈልጎ ሊያሠራው ነበር። ከፍቼ አየሁት። ቻርጅ መሰኪያው አቧራ ጠጥቶ ነው፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ።

ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ ማሽኑ ተሳሳተ አልኩ። ዱላውን ጠመንጃ አለው፤ የላከልኝም ፎቶ ብርሃኑ መጥፎ ስለነበር እኔም አልለየሁትም አልኩ። ሁሉም አመነኝ፤ ማሽኑ ደገኛን ሽፍታ ማለቱን የማያውቅ ማን አለ? ይህንኑ እሁድ መስቀል ይዤ ብምል ለእኔ ያልቅልኛል። ምናለ ግን ማሽን አይገደልም፣ እኔ የምፈልገው ሰው ነው ብሏል። በዚህች መሐላ ኸሊፋ አይተርፍም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ኮምፒውተርንም ጨምሪበት። የሚሆነውን ሁሉ ከነሰከንዱ እንዲመዘግብ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ፎቶው የተከፈተው ዘጠኝ ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ ላይ ነው። አዎ የተባለው በሠላሳ አምስተኛው ነው። መካከሉ ሃያ አንድ ሰከንድ ነው። ሌላ ጊዜ አጫጁን ከሽፍታ ለመለየት ሁለት ሰከንድ አይፈጅብኝም። ፎቶው ሁለት ጊዜ በጣት ተለጥጦ እንዲጎላ ተደርጓል ይላል መዝገቡ፤ ሁለቱንም ጊዜ ፊቱ ላይ። ብርሃኑ ጥሩ ነበር፣ እታለም።

እሁድ መስቀሉን አልይዝም። መዝገቡን አትሜ ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀምጠዋለሁ። ፊቱን አይቼ፣ ማን እንደሆነ አውቄ አዎ አልኩ፤ ደሙ ከእኔ ነው፣ ኸሊፋን ተዉት እላቸዋለሁ። ምናለ ያኔውኑ ቢተኩስብኝም ይተኩስ። ፈርቻለሁ፣ ምን እዋሽሻለሁ? ትናንት የጎረቤቴ የብየዳ ቤት በር ጓ ሲል ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ተገኘሁ። ለኸሊፋ ዓይን አልቅሻለሁ። ለማሩ ግን እንባ ፈልጌ አጣሁ፤ ከምናለ ጥይት ይልቅ ይህ ያስፈራኛል።

ለምን ብለው ሲጠይቁኝ አፌን ሰፍቼ እቀመጣለሁ። ሰክሮ ነው ይበሉ፣ አብዷል ይበሉ፣ የፈለጉትን። ምክንያቱ አንቺ ደጅ እንዲደርስ አልፈልግም። አማትሽ ባሏን በወንድሟ አስበላች ለማለት አንዲት ቃል ነው የምትጠብቀው።

እግዚአብሔር ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ለእኔ የቀረ ዕድሜ ካለ ለእነሱ ይሁን። ከእሁድ በኋላ ጠያቂ ወደ እናንተ መውጣቱ አይቀርም። ሲመጡ እጅጌው ረጅም የሆነውን ቀሚስሽን ልበሺ። ክረምት ላይ ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመውን ግራ ክንድሽን አይዩብሽ። ካዩትም፣ ለእኔ እንዳልሽኝ፣ ከቆጥ ወድቄ ነው በያቸው።

ታናሽ ወንድምሽ