የታላቃችን መነጽር

ይህ ወረቀት ርቀህ ላለኸው ለታናሽ ወንድሜ ይድረስ። ሰውነትህ እንዴት ከረመ? እኛ እንዳለን አለን።

አባታችን ከአሮጌ የጭነት መኪና የመጀመሪያውን አውቶቡስ ሲሠራ ላሜራ ደግፌ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት የሄዳችሁት ግን እናንተ። ታላቃችን ዛሬም ብየዳውን ለሠራተኛ አይሰጥም። በስተርጅና ፊደል ስቆጥር «ደግሞ ምን ልታነቢ ነው?» ብሎ ለሳቀብኝ ሰው፣ አሁን ደብዳቤህን የማነብለት እኔ ነኝ። «መነጽሬ ጠፋ» ይላል፤ መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነው። ብረቱ የሚጋጠምበትን ቦታም ጣቱን ይዤ አሳየዋለሁ።

«እጄ ያውቀዋል፤ አንቺ ዝም በይ» ይላል። ዝም ብያለሁ።

እሱ የበየደው አዲሱ አውቶቡስ ሰኞ ወደ እናንተ ከተማ መመላለስ ይጀምራል። ቀለሙ ያምራል።

ልጆችህን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ በደህና ያገናኘን። ስትመጡ ግን በእኛ አውቶቡስ እንዳትሳፈሩ።

እህትህ