ምክንያቱን በመንገድ ስለጣለው ስህተት

ለተከበሩ የኮምፒውተር አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፤

የቆላው ንዳድ ከማይደርስበት ክፍልዎ ሆነው ለእኛ ለደካሞቹ የሚያስቡ አባት ነዎትና፣ ጤናዎ እንዲሰነብት እየተመኘሁ ከአርባ ምንጭ፣ ከሴቻ ሰፈር፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ የተጋረዱባት ባለቤቴ ልክነሽ ሰኞ ለሚገቡት የዓይን ሐኪሞች ትመዘገብ ዘንድ ወደዚሁ ከተማ ጤና ቢሮ ብወስዳት፣ መዝጋቢዋ ቤተልሔም ስሟን ስታስገባ ፕሮግራሙ አሻፈረኝ አለ። ስህተቱ ግን ጨዋ ነበር፤ ዓይነቱን፣ ያለፈበትን መንገድና የወለደውን ምክንያት በኮምፒውተሩ ማያ ላይ ዘረዘረ፦ ፕሮግራሙ የትውልድ ዘመኑን የማያውቅ ሰው ሲገጥመው ባዶውን ቦታ ማንበብ ተስኖታል። ስለዚህ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ/ ስህተቱ በዲስኬት ወደ እናንተ ይጓዝ ዘንድ ወደ ተራ ጽሑፍ ሲለወጥ፣ ክፍልዎ የሠራው መለወጫ ዓይነቱንም መነሻውንም ምክንያቱንም አራግፎ «ስህተት» የምትለዋን ቃል ብቻ ስላስቀረልን ቁጠባዎን እናደንቃለን። የዶርዜ ሰዎች ምስጥ የበላውን ቤታቸውን ጎረቤት ተጠራርተው ከነ ጣሪያው ከነ በሩ ተሸክመው ሌላ ስፍራ ያኖሩታል፤ በሩን በመንገድ የመጣሉን ጥበብ ገና አልደረሱበትም።

፪ኛ/ ጽሑፉ እናንተ ዘንድ ወደ ስህተትነት ሲመለስ፣ የጎደለውን ፕሮግራማችሁ ከራሱ ሞልቶ «ተመዝጋቢዋ ለሕክምና ብቁ አይደለችም» አለን። የማሽን ጥፋት ሆኖ ከዚህ የወጣው የልክነሽ ጥፋት ሆኖ ተመለሰ። ሙት ማስነሣትን ሰምተናል፤ ሌላ ሰው አድርጎ ማስነሣት ግን የእርስዎ ብቻ ነው።

፫ኛ/ ምክንያቱን ብጠይቅ ሰዎችዎ አርባ ምንጭን ጠይቅ አሉኝ፣ አርባ ምንጭም እናንተን። ቤተልሔም «አባባ፣ ምክንያቱ መልሶ ራሱን የሚጠቅስ ስህተት ሲገጥመውም መለወጫው እንዲሁ ሲዞር ይውላል» ብላ አጽናናችኝ።

ልክነሽ ግን «ብርሃን ያስከለከለኝ በደል ምን ይሆን» ብላ የንስሐ አባቷን አስጠርታለች። ለማሽን ኃጢአት ምን ብላ እንደምትናዘዝ እኔ አላውቅም፤ እሳቸውም አላወቁም፤ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ያለም አይመስለኝም።

ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ማዕረግዎም ከፍ ከፍ እንዲል ሌት ተቀን የሚለምን ታዛዥዎ፣

ሀብተሚካኤል ዓባይ
ጡረተኛ መምህር
ጥቅምት ፲፱፻፺ ዓ.ም.

ከፊርማዬ በታች፦ ከክፍልዎ ማንበብ የሚችል ሰው ቢገኝ ብዬ፣ ቤተልሔም ከማያው ላይ በእጇ የገለበጠችውን ሙሉ የስህተት ቃል አያይዣለሁ። እስከ ዓርብ «ብቁ አይደለችም» የሚለውን ሰርዘው ባለቤቴን ለሰኞው ሕክምና ያስመዝግቡልኝ።