ጨው ያልፈታው ስፌት

ውድ እትዬ፣

ሆድሽ እንዴት ነው? ልጁ ይራገጣል ወይስ እንደ አባቱ እንቅልፋም ሆነ? ከደብዳቤው ጋር የላክሁልሽን ጥቅል እንዳትከፍቺው ልልሽ ነበር፤ ግን መቼም እንደማውቅሽ ከሆነ ከፍተሽዋል። በይ እንግዲያው እጅሽ ላይ ያለው ምን እንደሆነ እስክነግርሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

እማዬ ካረፈች ወዲህ በርሽ ጀርባ ተንጠልጥሎ የኖረውን የስፌት ሽርጧን ስትልኪልኝ በስልክ ያልሽኝን አልረሳሁትም። "ስነካው ይበጣጠሳል፤ እንዳልጥለው የእማዬ ነው። አንቺ ጥጥ አሟሟለሁ እያልሽ ትጎርሪብኝ የለ? በይ አሟሚውና ክር አድርጊልኝ። ለልጁ ከአያቱ አንድ ነገር ይኑረው።" የምትቀልጂ መስሎኝ ሳቅኩ። አንቺ ግን አልሳቅሽም፤ የምርሽን ነበር። ከእማዬ የቀረን ጨርቅ እሱ ብቻ ነው፤ ካበላሸሁት ሌላ የለንም።

"ጨው ቀቃይዋ" እያልሽ ስትቀልጂብኝ ኖረሽ፣ እኔም ሥራዬን አንድ ቀን በወጉ አስረድቼሽ አላውቅም። ጥጥ በውሃ አይሟሟም፤ ቢሟሟማ ኖሮ ልብስ ባጠብን ቁጥር ራቁታችንን በቀረን ነበር። ጥጥን ጥጥ ያደረጉት በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ሰንሰለቶች ናቸው፤ ሴሉሎስ እንላቸዋለን። ጎን ለጎን ተቃቅፈው ማንንም አያስገቡም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ። እነሱን የሚያላቅቁ ልዩ ልዩ ፈሳሾች ቤተ ሙከራችን ውስጥ አሉ። አንዳንዶቹ ሳይሞቁ እንኳ ፈሳሽ ሆነው የሚኖሩ ጨዎች ናቸው፤ እነዚያን አለቃዬ እንደ ሽቶ በጠብታ ነው የምትሰጠን። የእኔው ዚንክ ክሎራይድ ግን ተራ ጨው ነው። ትንሽ ውሃ ብቻ ሰጥቼ ሳሞቀው ጥርት ያለ ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል። ውሃው ስላልበቃው እንደተጠማ ሰው ነው፤ ጥጡ ውስጥ ገብቶ የተቃቀፉትን ያላቅቃል። ውሃ ካበዛሁበት ይረካና ሥራ ይፈታል። ሙቀት ካበዛሁበት ደግሞ ሰንሰለቶቹ ራሳቸው ይቆራረጡና ቡናማ ሽሮፕ ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ክር የሚባል ነገር የለም። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነበር።

አለቃዬ ንግግሯን ሁሉ በ"እስቲ" ስለምትጀምር ከኋላዋ "እስቲ" ነው የምንላት። ሽርጡን ገልብጣ አየችና፣ "እስቲ መጀመሪያ ቆራርጪው፤ ካልደቀቀ እኩል አይሟሟም" አለችኝ። ልክ ናት፤ ሁሌም የምናደርገው እንደዚያ ነው። መቀሱን አነሳሁ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። እማዬ "የተሰፋ ልብስ አይቆረጥም፤ ይተረተራል" የምትለው ጆሮዬ ላይ መጣብኝ።

"አልቆርጠውም" አልኳት።

"እስቲ እንዳሻሽ! ቢጓጉል ግን እኔ የለሁበትም" ብላ ትታኝ ሄደች።

ሽርጡን በደንብ አደረቅኩና እንዳለ ጠፍጣፋ የመስታወት ዕቃ ላይ ዘርግቼ የቀለጠውን ጨው አፈሰስኩበት። መጀመሪያ ዳርዳሩ አበጠ። ቀጥሎ እንደ ሙጫ ብርሃን ያሳልፍ ጀመር፤ ከዚያ ቀስ እያለ ጨርቁ ከዓይኔ ጠፋ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አለቀስኩ። ጠመኔዋንና ሜትሯን የያዘችበት፣ የእኔንና ያንቺን ንፍጥ የጠረገችበት ሽርጥ እኮ ነው!

እንባዬን ጠርጌ ሳይ ሽርጡ የለም፤ ስፌቱ ግን አለ። እማዬ "የጥጥ ክር ይከዳል" እያለች በፖሊስተር ክር ብቻ ትሰፋ እንደነበር ረስቼው ነበር፤ ያንን ይሄ ጨው አይነካውም። የጠርዙ ስፌት፣ የማሰሪያው፣ የኪሱ አራት ማዕዘን፣ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ቀጥ እንዳለ ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፏል። ከኪሱ መሃል ግን ቀይ አየሁ። ቀይና ጠማማ፣ አንዱ እርምጃ ረጅም አንዱ አጭር።

እትዬ፣ ያንን ቀይ ክር ታውቂዋለሽ። ልጅ ሳለሽ፣ እማዬ ገበያ ስትሄድ ከሳጥኗ ወስደሽ የተቀደደ ኪሷን የሰፋሽበት ነው። እንዴት ኮርተሽ ነበር! በማግስቱ ሽርጡን ስትለብሰው ቀዩ የለም፤ በቦታው በጥቁር ክር የተጣፈ እራፊ አለ። ኪሱን ገልብጠሽ አየሽ፤ ውስጡም እራፊ ነው። "ተርትራዋለች" አልሽኝ። አላለቀስሽም። ከዚያ ወዲህ ግን መርፌ አልነካሽም፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ሆነሽ ቁልፍ ለማስተከል ሰው ቤት ትሄጃለሽ። እማዬ "ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው መርፌ የጠላችው?" ስትል አንቺ አልነገርሻትም።

አልተረተረችውም፣ እትዬ። የጥጥ እራፊ ከውጭም ከውስጥም ደርባ፣ ያንቺን መሃል አስቀርታዋለች፤ እራፊዎቹ ሲሟሙ ነው ያንቺ ብቅ ያለው። እማዬን እኮ እናውቃታለን። የሌላ ሰፊ ሥራ እንኳ ጠማማ ከሆነ ማንም ሳይጠይቃት ትተረትር አልነበር? እኔ የሰፋሁትን ቦርሳ ስንቴ ተርትራ መልሳ አሰፋችኝ? ያንቺን መተርተር ሁለት እራፊ ከመጣፍ ይቀላት ነበር። ለምን እንደተወችው ልምልልሽ አልችልም፤ ኪሱ እንዲጠነክር ብላም ይሆናል። እኔ ግን ማፍረሱ አላስችል ብሏት ነው እላለሁ። በአፏ ማመስገን አይሆንላትም ነበር፤ እኔና አንቺም እሷን ነው የወጣነው። ስለዚህ እኔ በጽሑፍ ልበለው፦ እወድሻለሁ፣ ትናፍቂኛለሽም።

"እስቲ"ን ጠራኋት። ጎንበስ ብላ ብዙ አየችና፣ "እስቲ" ማለቱንም ረስታ፣ "ማን ነው ይሄን የሰፋው?" አለችኝ።

"እህቴ፣ በልጅነቷ።"

"እንኳን አልቆረጥሽው" አለች።

ስፌቱን በጥንቃቄ በወንፊት አውጥቼ አጠብኩት። የቀረውን ፈሳሽ በሲሪንጅ ወደ አልኮል ገፋሁት። ጨዉ ወደ አልኮሉ ሲሸሽ እነዚያ ሰንሰለቶች እንደገና ተፈላልገው ተቃቀፉና ክር ሆነው ወጡ። የሽርጡ ሰማያዊ ቀለም ትንሽ ቀርቶበታል። ያረጀ ጥጥ ነውና ደካማ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ተበጣጠሱብኝ። የተረፈውን ሦስት አድርጌ ገመድኩት፤ አሁን ቁልፍ ይይዛል።

ጥቅሉ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ክር እሱ ነው። በሁለት መስታወት መሃል ያለው ቀይ ደግሞ ያንቺው ነው፣ ልክ እንደሰፋሽው። ሰበብ እንዳታበዢ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ መርፌም ጨምሬልሻለሁ። በልጁ የመጀመሪያ ልብስ ላይ አንድ ቁልፍ በእማዬ ክር ትከይለት። ሰው ቤት ከወሰድሽው እቀየምሻለሁ።

ተጣሞ ቢወጣ ግድ የለም። በቤታችን ያንቺን ስፌት የተረተረ ኖሮ አያውቅም።

ታናሽሽ፣
ጨው ቀቃይዋ